የኮሌጅ ኳርተርባክ ለኤንኤፍኤል ድራፍት ሲቀርብ እንዴት ይገመገማል?

በየዓመቱ በኤፕሪል ወር መገባደጃ ላይ የአሜሪካ ፉትቦል ከፍተኛ ሊግ የሆነው የኤንኤፍኤል ሠላሳ ሁለት ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በሰባት ዙር ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ድራፍት የሚባለው ይህ ምርጫ ነው። ከሚመረጡት ሁሉ በላይ የሚጠናውና የሚጻፍለት፣ ሆኖም ግምቱ በተደጋጋሚ የሚስተው ኳርተርባኩ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በመጀመሪያው ዙር አምስት ኳርተርባኮች ተመረጡ፤ ቤከር ሜይፊልድ 1ኛ፣ ሳም ዳርኖልድ 3ኛ፣ ጆሽ አለን 7ኛ፣ ጆሽ ሮዘን 10ኛ፣ ላማር ጃክሰን ደግሞ የዙሩ መጨረሻ በሆነው 32ኛ ተራ። ከአምስቱ መካከል የሊጉን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ለማንሣት የበቁት 7ኛውና 32ኛው ናቸው። 10ኛው ግን የመረጠው ቡድን በዓመቱ ሌላ ኳርተርባክ መርጦ ወደ ማያሚ አሳለፈው።

አምስቱን ያዩት መልማዮች ሥራቸውን የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም። አስቸጋሪው የሚታየው ነገር ራሱ ነው። አንድ ኳርተርባክ የኮሌጅ ጨዋታ በሚደረግበት ቅዳሜ ዕለት ሜዳ ላይ የሚያሳየው ሥራ የእሱ ብቻ ሳይሆን የሚከልሉት የመስመር ተጫዋቾች፣ ኳስ የሚቀበሉት ጓደኞቹ፣ ጨዋታውን የነደፈው አሰልጣኝና የተጋጣሚው አቅም በአንድ ላይ ያስገኙት ውጤት ነው። በድራፍት የሚወሰደው ግን ልጁ ብቻ ነው። ስለዚህ ግምገማ በእኔ እምነት ከምንም በላይ የመለየት ሥራ ነው፤ የትኛው ችሎታ ከልጁ ጋር ይሄዳል፣ የትኛውስ እዚያው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይቀራል የሚለውን ጥያቄ በእያንዳንዱ ውርወራ ላይ ማንሣት ይጠይቃል።

ጨዋታዎቹን መምረጥ

ስለ ልጁ የተጻፈውን ከማንበብዎ በፊት ጨዋታዎቹን ይመልከቱ። አስቀድሞ የተሰማ አስተያየት ዓይንን ይመራልና፣ «ክንዱ ብርቱ ነው» የሚለውን ያነበበ ሰው የሚያየው ረጃጅም ውርወራዎችን ብቻ ይሆናል። ተቆራርጠው የተሰበሰቡ ድንቅ ቅጽበቶችም ለዚህ ሥራ አይረቡም። ቢያንስ አራት ወይም አምስት ሙሉ ጨዋታ ያስፈልጋል። አንዱ ልጁ በዓመቱ ከገጠመው እጅግ ጠንካራ የመከላከል ክፍል ጋር የተደረገ፣ አንዱ ቡድኑ የተሸነፈበት፣ አንዱ ከሜዳው ውጭ የተካሄደ፣ ሌላው ደግሞ ካለፈው ዓመት የተወሰደ ቢሆን ይመረጣል። ካለፈው ዓመት የሚወሰደው ጨዋታ ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ልጁ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ምን እንዳረመና ምን እንዳላረመ የሚታየው በዚያ ብቻ ነው።

ቡድኖቹ የሚሠሩት ሃያ ሁለቱንም ተጫዋቾች ከከፍታ በሚያሳይ ቪዲዮ ነው። የቴሌቪዥን ካሜራ ኳሱን ስለሚከተል ከኋላ የሚቆሙትን ተከላካዮች ከምስሉ ያስወጣቸዋል፣ እነሱ ሳይታዩ ደግሞ ኳርተርባኩ ትክክለኛውን ሰው መምረጡን ማወቅ ያስቸግራል። ያንን ቪዲዮ ማግኘት ያልቻለ ተመልካች ከኳርተርባኩ ጀርባ የተቀረጹትን ድጋሚ ምስሎች አድፍጦ መጠበቅ አለበት። የተቀረው፣ ማለትም የእግሩ አሠራር፣ የዓይኑ አቅጣጫና በጫና ጊዜ የሚያሳየው ጠባይ ከቴሌቪዥኑ ምስልም በደንብ ይነበባል።

አንድን ሙከራ ሦስት ጊዜ ማየት

እያንዳንዱን ሙከራ፣ ማለትም ኳሱን ወደ ፊት ለመግፋት የሚደረገውን አንድ ጥረት፣ መጀመሪያ ከስናፕ (ኳሱ ከመሬት ተነሥቶ ለኳርተርባኩ ከሚሰጥበት ቅጽበት) በፊት ያለውን ብቻ፣ ቀጥሎ ከስናፕ እስከ ኳሱ መለቀቅ ያለውን፣ ውጤቱን ደግሞ መጨረሻ ላይ ይመልከቱ። ይህ ቅደም ተከተል የግድ ነው፤ ውጤቱን አስቀድሞ ያየ ሰው ሂደቱን በውጤቱ መነጽር ያነበዋል።

ከስናፕ በፊት የሚፈለገው መልስ ማን እያሰበ እንደሆነ ነው። በብዙ የኮሌጅ ቡድኖች ተጫዋቾቹ ተሰልፈው ካበቁ በኋላ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሜዳው ጠርዝ አዙረው ከአሰልጣኞቹ አዲስ ትእዛዝ ይቀበላሉ። በዚያን ጊዜ የተከላካዮቹን አሰላለፍ ያነበበው አሰልጣኙ ነው። ኤንኤፍኤል ውስጥ ግን አሰልጣኙ በኳርተርባኩ ቆብ ውስጥ ባለው መሣሪያ የሚያሰማው ድምፅ የሙከራው ሰዓት 15 ሰከንድ ሲቀረው ይቋረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ኃላፊነት ሁሉ የልጁ ነው። ስለዚህ የመስመሩን ከለላ በራሱ አንደበት ሲያስተካክል፣ ሯጩን ከቦታ ቦታ ሲያዛውር፣ የተከላካዩን ማታለል ነቅቶ ሙከራውን ሲለውጥ ያዩት ልጅ ካለ በማስታወሻዎ ላይ በጉልህ ይጻፉት።

ከስናፕ በኋላ ያለውን አንድ ምሳሌ ወስደን በቅርብ እንየው። አሥር ያርድ ለመግፋት ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች ሦስተኛው ነው፤ ስምንት ያርድ ይቀራል (አንድ ያርድ 91 ሴንቲሜትር ገደማ ነው)። ሁለቱ ሴፍቲዎች፣ ማለትም የመጨረሻዎቹ የኋላ ተከላካዮች፣ በእኩል ርቀት ቆመዋል፤ ኳሱ በተነሣ ቅጽበት ግን ከሁለቱ አንዱ ወደ ፊት ወርዶ በግራ በኩል ያለውን አጭር መንገድ ይዘጋል። ኳርተርባኩ መጀመሪያ ያየው ያንኑ የግራ ተቀባይ ነበር። አንዱ ልጅ መንገዱ መዘጋቱን ሲያይ ዓይኑን ወደ ሜዳው መሀል ይመልሳል፣ እግሮቹም ዓይኑን ተከትለው በአጭር እርምጃ ይዞራሉ፣ ከቀኝ ወደ መሀል የሚታጠፈው ተቀባይ ገና ፊቱን ሳያዞር ኳሱን ሴፍቲው ለቆት ወደ ሄደው ባዶ ቦታ ይለቀዋል። ሌላው ልጅ የመጀመሪያ ምርጫው ሲዘጋበት ዓይኑን ከተቀባዮቹ ላይ ነቅሎ በሚገሰግሱበት ተከላካዮች ላይ ይጥላል፣ ገና ያልፈረሰውን ከለላ ጥሎ ወደ ቀኝ ይሮጣል፣ ፈጣን ስለሆነም አሥራ ሁለት ያርድ አግኝቶ ከመስመር ይወጣል። በውጤት መዝገቡ ላይ ሁለቱም ተሳክቶላቸዋል፣ ተመልካቹም ለሁለተኛው የበለጠ ያጨበጭባል። ሆኖም ኤንኤፍኤል ውስጥ ከዳር የሚመጡት ተከላካዮች ያንን ሩጫ ከመነሻው ይቆርጡታል። የመጀመሪያው ልጅ ሥራ ግን እዚያም ያው ነው።

የሚያዩት ውርወራ በኤንኤፍኤል ሕግና ሜዳ የሚኖር መሆኑንም ያረጋግጡ። በኮሌጅ ሕግ የመስመር ተጫዋቾች ኳሱ ከመወርወሩ በፊት እስከ 3 ያርድ ወደ ፊት መግፋት ሲፈቀድላቸው በኤንኤፍኤል የሚፈቀደው 1 ያርድ ብቻ ነው። ሩጫ መስሎ ወደ ውርወራ የሚለወጠው ሙከራ በኮሌጅ ያን ያህል የሚያታልለው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ አብዛኛውን ያርዱን ከእንዲህ ያለ ሙከራና ከጠርዝ አጫጭር ቅብብሎች የሰበሰበ ልጅ ገና ያልተፈተነ ነው። የሜዳው ምልክቶችም ይለያያሉ፤ ሙከራ የሚጀመርባቸው የውስጥ መስመሮች በኮሌጅ 40 ጫማ ሲራራቁ በኤንኤፍኤል 18 ጫማ ተኩል ብቻ ናቸው። ከሩቁ የውስጥ መስመር ተነሥቶ ወደ ተቃራኒው ጠርዝ የሚወረወር ኳስ ተንሳፎ ወይስ ቀጥ ብሎ በፍጥነት እንደሚደርስ ማየት ስለ ክንዱ ብርታት ከማንኛውም ረጅም ውርወራ የበለጠ ይናገራል።

ከለላው ሲፈርስ

አንድ ነገር ብቻ እንድመለከት ቢፈቀድልኝ የምመርጠው ይህንን ነው። ንጹሕ ከለላ ያገኘ ኳርተርባክ ከሌላው ብዙም አይለይም፤ ልዩነቱ የሚወጣው ተከላካይ ፊቱ ላይ ሲደርስ ነው። የሚታዩት ነገሮች በአንድ ሰከንድ ውስጥ ይፈጸማሉ፤ ዓይኑ ወደ ሜዳው እንደተተከለ ይቆያል ወይስ ይወርዳል? ለማምለጥ ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት ይገባል ወይስ አሥር ያርድ ወደ ኋላ ይሸሻል? ኳሱን በሁለት እጁ ይይዛል? ምንም ሲጠፋ ወደ ውጭ ይጥለዋል ወይስ ተአምር ይጠብቃል?

ሳክ፣ ማለትም ኳርተርባኩ ኳሱን ሳይወረውር ከመስመሩ ጀርባ ተይዞ መውደቁ፣ የመስመሩ ተጫዋቾች ጥፋት ነው የሚለው የተለመደ አባባል በከፊል ብቻ እውነት ነው። ጫና የሚደርስበት ብዛት በአብዛኛው በከላካዮቹ የሚወሰን ሲሆን፣ ከደረሰበት ጫና ስንቱ ወደ ሳክ እንደተለወጠ ግን በአብዛኛው የኳርተርባኩ ልማድ ነው፤ ይህም ልማድ ቡድን ሲቀየር አብሮ ይጓዛል። ከአምስት ጫና ከአንድ በላይ በሳክ የሚያልቅበትን ልጅ ሌላው ነገር ሁሉ ቢያምርም በስጋት እመለከተዋለሁ። የመዝገብ አያያዙም ይህን ድክመት ይሸፍናል፤ በኮሌጅ በሳክ የጠፋ ያርድ ከኳርተርባኩ የሩጫ ያርድ ላይ ሲቀነስ፣ በኤንኤፍኤል የሚቀነሰው ከቡድኑ የውርወራ ያርድ ነው። ስለዚህ የኮሌጅ ኳርተርባክ የውርወራ ያርድ ብቻውን ሲታይ ሳክ ያስከፈለው ዋጋ በውስጡ የለም። የሩጫ ያርዱም ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይታያል።

በዚህ ረገድ የሲ.ጄ. ስትራውድን ጉዳይ ማስታወስ ተገቢ ነው። ስትራውድ በኦሃዮ ስቴት ሲጫወት ኳስ ይቀበሉት ከነበሩት መካከል ጋሬት ዊልሰን፣ ክሪስ ኦላቬና ጃክሰን ስሚዝ-ንጂግባ ሦስቱም በኋላ በመጀመሪያው ዙር ተመርጠዋል፣ ከለላውም ጠንካራ ነበር። ከተሟላ ቤት ወጥቶ ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነበር። መልሱ የመጣው ዲሴምበር 31 ቀን 2022 ከጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገው የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ነው፤ በዚያ ዘመን ካሉት ሁሉ ጠንካራ ከሚባሉት የመከላከል ክፍሎች በአንዱ ላይ ከቦታው እየተንቀሳቀሰ፣ እየሮጠም ጭምር 348 ያርድና 4 ታችዳውን (ኳሱ ወደ ተጋጣሚው የመጨረሻ ክልል ሲገባ የሚቆጠር ነጥብ) ወረወረ። ቡድኑ 42 ለ 41 ተሸነፈ። ሂውስተን በ2023 በ2ኛ ተራ መረጠው፣ በዓመቱም የአጥቂው ክፍል ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ለገምጋሚው ያ አንድ ጨዋታ ከደካማ ቡድኖች ጋር ከተደረጉት ብዙ ጨዋታዎች ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ያልመለሱትን ጥያቄ የመለሰ እሱ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይሉናል?

ቁጥር ከቪዲዮው በኋላ ይምጣ፤ ጥቅሙም ወደ ቪዲዮው ተመልሰን የምናየውን ነገር መጠቆሙ ነው። ጆ ቡሮው በኤልኤስዩ (በሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) በ2018 ከወረወራቸው ኳሶች የተያዙለት 57.8 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 76.3 በመቶ ከፍ ብሎ 60 ታችዳውን ወረወረ። የዘለለው ልጁ ነው ወይስ አካባቢው? በዚያ ዓመት የማጥቃት ስልቱ ተለውጦ ነበር፣ ተቀባዮቹም ጀማር ቼዝና ጀስቲን ጄፈርሰን ነበሩ። ቪዲዮው ግን ኳሱ በጠባብ ቦታ፣ ተከላካዩ በማይደርስበት ወገን እየተቀመጠ መሆኑን ያሳይ ነበር፤ ያ ችሎታ ማንም ተቀባይ የሚሰጠው አይደለም።

በተቃራኒው ጆሽ አለን በዋዮሚንግ የተያዘለት 56.2 በመቶ ብቻ ነበር፣ በቡፋሎ በ2020 ግን 69.2 በመቶ ደረሰ። ይህን ምሳሌ አንሥቶ «ትክክለኛነት ይማሩታል» የሚል ብዙ ሰው አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። አለን ያልተለመደ ተጫዋች ነው፤ በተመሳሳይ ቁጥር መጥተው ያልተለወጡት ስማቸው ስለማይነሣ ብቻ ከሚዛኑ መውጣት የለባቸውም። ዝቅተኛ ቁጥር ያለውን ልጅ ከመቀበል በፊት ምክንያቱ ተቀባዮቹ የጣሉት ኳስ፣ የረጃጅም ውርወራዎች ብዛት ወይስ የእግሩ አለመስተካከል መሆኑን አንድ በአንድ ቆጥሮ መለየት ይገባል። እግር በልምምድ ይታረማል፤ መንገዱን አለማየት ግን አልፎ አልፎ ብቻ።

የጀመራቸው፣ ማለትም ከመጀመሪያው ደቂቃ አንሥቶ የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ብዛትም መታየት አለበት። በ2017 ቺካጎ በ2ኛ ተራ የመረጠው ሚቼል ትሩቢስኪ በኖርዝ ካሮላይና የጀመረው 13 ጨዋታ ብቻ ነበር፤ በ2023 በ4ኛ ተራ የተመረጠው አንቶኒ ሪቻርድሰንም በፍሎሪዳ እንዲሁ 13። ካም ኒውተን ግን በኦበርን አንድ ዓመት ብቻ ጀምሮ ተሳክቶለታል። ጥቂት ጨዋታ የልጁን ጉድለት አያረጋግጥም፤ የእኛን እውቀት ጉድለት ያሳያልና ግምቱን ሰፋ አድርጎ መተው ያስፈልጋል። ብዙ የጀመረ ልጅ ሲሆን ደግሞ ዕድሜው ይታይ፤ ሃያ ሦስትና ሃያ አራት ዓመት ሞልቶት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆችን ማሸነፍ ከእኩዮች ጋር መፎካከር አይደለም።

የቡድኑን ድልና ሽንፈት ከፍ አድርጌ አላየውም። ፓትሪክ ማሆምስ በኦክቶበር 2016 በኦክላሆማ ላይ 734 ያርድ ወርውሮ 66 ለ 59 ተሸንፏል፣ ቡድኑ ቴክሳስ ቴክም ዓመቱን በ5 ድልና በ7 ሽንፈት ጨርሷል። ካንሳስ ሲቲ ከ27ኛ ወደ 10ኛ ተራ ለመውጣት የሚቀጥለውን ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ጭምር ሲከፍል ያየው ያንን መዝገብ ሳይሆን ክንዱን፣ ዓይኑንና ከለላው በፈረሰ ቁጥር የሚያገኘውን መፍትሔ ነው።

ሰውነቱ

በኢንዲያናፖሊስ በሚደረገው ዓመታዊ ምዘና ቁመት፣ ክብደት፣ የእጅ ስፋትና ሩጫ ይለካል። ሩጫው ብዙ አያስጨንቅ፤ ቶም ብራዲ 40 ያርድ በ5.28 ሰከንድ ሮጦ በ2000 በ199ኛ ተራ ተመረጠ፣ የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ የሆነውን ሱፐር ቦውልንም ሰባት ጊዜ አሸነፈ። ስድስት ጫማ የሆነው ድሩ ብሪስና ከዚያ የሚያንሰው ራስል ዊልሰን ከተሳካላቸው ወዲህ ቁመትም ቀድሞ የነበረውን ክብደት አጥቷል፤ ካይለር መሪና ብራይስ ያንግ ሁለቱም አምስት ጫማ ከአሥር ኢንች ገደማ ሆነው 1ኛ ተመርጠዋል። ሆኖም አጭር ኳርተርባክ በሜዳው መሀል የሚወረውረው ምን ያህል እንደሆነ በቪዲዮው ይቆጠር፤ ማየት የማይችለውን ቦታ መሸሽ የጀመረ ከሆነ ችግሩ በተከላካዮቹ መታወቁ አይቀርም።

ከምዘናው ሁሉ ዋጋ ያለው የሐኪሞቹ ምርመራ ነው። ቱዋ ታጎቫይሎዋ በኖቬምበር 2019 ዳሌው ተናግቶ በ2020 በ5ኛ ተራ ሲመረጥ ውሳኔውን የያዙት አሰልጣኞች ብቻ አልነበሩም። በውጭ ያለ ገምጋሚ ይህን መረጃ ስለማያገኝ ጉዳት ባለበት ልጅ ላይ ፍርዱን በሁኔታ አስሮ ይጻፍ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተከላካይ በሌለበት፣ በቁምጣና በካናቴራ የሚደረገውን የውርወራ ትርኢት በተመለከተ ግን ቢታለፍ የሚጎድል ነገር የለም።

አእምሮውና ጠባዩ

ቡድኖች ልጁን በሰሌዳ ፊት አቁመው የገዛ ቡድኑን ሙከራ እንዲሥል፣ የአሥራ አንዱንም ሥራ እንዲያስረዳ፣ ከዚያም አዲስ ሙከራ አስተምረውት ሌላ ወሬ ካወሩ በኋላ መልሶ እንዲነግራቸው ይጠይቁታል። ውጭ ያለ ሰው ይህን በተዘዋዋሪ ማየት ይችላል፤ በመጀመሪያው አጋማሽ የተታለለበትን የተከላካዮች አሰላለፍ በሁለተኛው አጋማሽ ሲያገኘው ምን ያደርጋል? ኳስ ከተጠለፈበት በኋላ ያለው ሙከራስ እንዴት ነው? በፍርሃት አጭር ብቻ የሚወረውር፣ በቁጣ የባሰ አደጋ የሚጋፈጥ፣ ምንም እንዳልሆነ የሚቀጥል ልጅ አለ። በ1998 ፔይተን ማኒንግ 1ኛ፣ ራያን ሊፍ 2ኛ ሲመረጡ በክንድ ሊፍ አያንስም ነበር፤ በሊጉ በቆየበት አጭር ዘመን ግን 14 ታችዳውን ወርውሮ 36 ኳስ ተጠልፎበታል።

የሚሄድበት ቦታና የመጨረሻው ጽሑፍ

ልጁን ከኮሌጁ አካባቢ ለይተን ስንጨርስ ሌላ አካባቢ ይጠብቀዋል። ጃሬድ ጎፍ በ2016 1ኛ ተመርጦ በዓመቱ ሰባት ጨዋታ ጀመረ፣ ሰባቱንም ተሸነፈ፤ በቀጣዩ ዓመት ሾን ማክቬይ አሰልጣኝ ሆኖ መጣ፣ በ2018 የውድድር ዘመን ቡድኑ ሱፐር ቦውል ደረሰ። አሮን ሮጀርስ ከብሬት ፋቭ ጀርባ ሦስት ዓመት ተቀመጠ፤ ማሆምስ ከአሌክስ ስሚዝ ጀርባ አንድ ዓመት። ዳርኖልድ ከተመረጠበት ቡድን ከወጣ ከዓመታት በኋላ በ2024 ሚኒሶታን ለ14 ድል መራ። ስለዚህ ያለ ቦታ የሚሰጥ ደረጃ ግማሽ ፍርድ ነው።

ዋጋውም ይታሰብ። ሳም ብራድፎርድ በ2010 1ኛ ሲመረጥ ውሉ ለስድስት ዓመት 78 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2011 የአዲስ ተጫዋቾች ደሞዝ ጣሪያ ከተወሰነ በኋላ ኒውተን 1ኛ ተመርጦ የፈረመው ለአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ገደማ ነው። በቀዳሚ ተራ የተመረጠ ኳርተርባክ ቢሳሳቱበት የሚያጠፋው አሁን ከገንዘብ ይልቅ ዓመታትን ነው፤ ቢሳካ ደግሞ ቡድኑ በርካሽ ውሉ ዘመን ሌሎች ጠንካራ ተጫዋቾችን መግዛት ይችላል። ቡድኖች በመጀመሪያው ዙር ለኳርተርባክ የሚሽቀዳደሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ በዚህም የተነሣ አንድ ልጅ የሚመረጥበት ተራ ስለ ችሎታው ከሚናገረው ይልቅ ስለ ፈላጊው ብዛት ይናገራል።

በመጨረሻም ጽሑፉን አንድ ገጽ አድርገው ይጻፉት፤ ነጥብ ከመስጠት ይልቅ ሦስት ነገር ይስፈርበት። በመጀመሪያ የትም ቢሄድ ከእሱ ጋር የሚሄዱት ሁለት ወይም ሦስት ችሎታዎች፣ እያንዳንዱም ከታየበት ጨዋታና ደቂቃ ጋር። ቀጥሎ ገና ያልተመለሱት ጥያቄዎች። ሦስተኛ ደግሞ ሁኔታው፤ ለምሳሌ «በመጀመሪያው ዓመት ካልተገደደ፣ ጠንካራ የግራ ከላካይ ካለና ከሩጫ የሚነሣ ውርወራ የሚወድ አሰልጣኝ ካገኘ በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ እመርጠዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ጨዋታ የሚያስጀምረው ቡድን ከሆነ ግን ከሦስተኛው ዙር በፊት አልነካውም» በሚል መልክ። ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡት፣ ድራፍቱ እስኪያልፍ ድረስም በሌላ ሰው አስተያየት ምክንያት አይቀይሩት፤ የሚቀይረው አዲስ ጨዋታ ወይም አዲስ የሕክምና መረጃ ብቻ ይሁን።